ቀጣዩ ክፍል መቼ ይወጣል?

ኔትፍሊክስ «ስትሬንጀር ቲንግስ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ አራተኛ ሲዝን ማሳየት የጀመረው ሜይ 27 ቀን 2022 ነው። ሲዝኑ ዘጠኝ ክፍል ቢኖረውም በዚያ ቀን የወጡት ሰባቱ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ሁለቱ ጁላይ 1 ቀን ተከተሉ። በመካከሉ 35 ቀን አለ። አማዞን ደግሞ የ«ዘ ቦይስ»ን ሁለተኛ ሲዝን ሴፕቴምበር 4 ቀን 2020 በሦስት ክፍሎች ከፈተ፤ የቀሩትን አምስት ክፍሎች በየሳምንቱ አንድ አንድ እያደረገ ኦክቶበር 9 ቀን ጨረሰ። ይህም 35 ቀን ነው። ኔትፍሊክስ የ«ስትሬንጀር ቲንግስ»ን የመጨረሻ ሲዝን በሦስት ዙር ሲለቅ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ኖቬምበር 26 ቀን 2025፣ መዝጊያውን ዲሴምበር 31 ቀን አወጣ። አሁንም 35 ቀን። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ኩባንያዎች በሦስት የተለያዩ ዓመታት፣ በሦስት ዓይነት አከፋፈል ተጉዘው አንድ ርቀት ላይ ደረሱ። የእነዚህ አገልግሎቶች ሒሳብ በአብዛኛው የሚከፈለው በየወሩ ነው፤ ረጅሙ ወር ደግሞ 31 ቀን ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በወጣበት ዕለት ለማየት የተመዘገበ ሰው የመጨረሻውን በዕለቱ ለማየት ሁለተኛ ወር መክፈል ይኖርበታል።

ነገሩ በሒሳብ ብቻ አያበቃም። ከአንድ ክፍል ወደ ቀጣዩ ያለው ጊዜ በተመልካቹ ትዝታ፣ በጓደኛሞች ወሬ፣ በሽልማት ደንብና በኢንተርኔት መስመር አቅም ጭምር ይወሰናል። ይህ ምዕራፍ ያንን ጊዜ ማን እንደሚቆርጠው፣ በምን መለኪያ እንደሚቆርጠውና ታሪኩ ከዚህ ምን እንደሚያገኝ ወይም እንደሚያጣ ያስረዳል።

ቀኑን ጣቢያው ሲቆርጥ

ቴሌቪዥን በአንቴና ብቻ በሚታይበት ዘመን ምርጫው ጠባብ ነበር። አንድ ጣቢያ በአንድ ሰዓት ሊያሳይ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ሳምንቱ ይሸነሸናል፤ ለእያንዳንዱ ድራማ አንድ ምሽት ይደርሰዋል። ታላላቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች የድራማውን ዓመት በሴፕቴምበር ከፍተው በሜይ ይዘጉ ነበር። በእነዚህ ወራት አንድ ድራማ ከ20 በላይ ክፍሎች ይሠራ ነበር።

ገንዘቡ የሚመጣው ከማስታወቂያ ነው፤ የማስታወቂያው ዋጋ የሚተመነው ደግሞ በተመልካች ብዛት ነው። ዋና ዋናዎቹ የተመልካች ቆጠራዎች በኖቬምበር፣ በፌብሩዋሪና በሜይ ይካሄዱ ስለነበር ሠርጉም፣ ግድያውም፣ ጠፍቶ የኖረው ወንድም መመለሱም በእነዚሁ ወራት እንዲወድቅ ተደርጎ ይጻፍ ነበር። ዛሬ የወር ክፍያው እንደሚያደርገው ሁሉ ያኔም የታሪኩን ልብ ምት ገንዘቡ ይመራው ነበር።

የመጠበቅን ኃይል እስከ ጥግ ያሳየው «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ ነው። ማርች 21 ቀን 1980 በወጣው የሲዝኑ የመጨረሻ ክፍል ዋናው ገጸ ባሕርይ ጄ አር በጥይት ተመታ። ማን ተኮሰ? መልሱ የተነገረው ኖቬምበር 21 ቀን ነው። በዚያ ዓመት የተነሳው የተዋንያን አድማ ደግሞ ጥበቃውን አራዝሞት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ጥያቄው ከቤት ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲዞር ቆየ። መልሱ በተነገረበት ምሽት በአሜሪካ ብቻ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ።

የእኛም አገር ይህን ያውቀዋል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ በተከታታይ ሲተርክ፣ መጽሐፉን ገዝቶ በራሱ ጊዜ መጨረስ የሚችለው ሰው ሳይቀር ሰዓቱን ጠብቆ ሬዲዮ ይከፍት ነበር። ታሪኩ ታትሞ በሰው እጅ አለ፤ መጨረሻውን የሚያውቅ ብዙ ነው። ሰው የሚጠብቀው ድምፁን ነበር፤ ከጎረቤት ጋር አብሮ መስማቱንም ነበር። ቀኑና ሰዓቱ ተቆርጦ የሚቀርብ ታሪክ ለብቻ ከሚነበበው ሌላ ነገር ይሆናል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ቀጠሮው የፈረሰበትን ጊዜ ማየት ይጠቅማል።

ሁሉም በአንድ ቀን

ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ ቤት የሚያከራይ ድርጅት ነበር። ፊልምና ድራማ በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በ2007 ነው። ያኔ የሚያሳየው ሌሎች የሠሩትን ነበር፤ አብዛኛው ድራማ በቴሌቪዥን ታይቶ ያለቀ ስለሆነ ሲዝኑ በሙሉ አንድ ላይ ይቀመጣል። ተመልካቹም አንዱን ክፍል ሲጨርስ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሰው እንደ ልቡ ቢተዉት እንዴት እንደሚያይ ኩባንያው የተማረው ከዚህ ነው።

በ2012 «ሊሊሃመር» የተባለ የኖርዌይ ድራማ መጣ። በኖርዌይ ቴሌቪዥን በየሳምንቱ ይታይ የነበረውን ይህንኑ ድራማ ኔትፍሊክስ በአሜሪካ ስምንቱንም ክፍል ፌብሩዋሪ 6 ቀን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ዓለም ልብ ያለው ግን ከዓመት በኋላ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2013 የ«ሃውስ ኦፍ ካርድስ» 13 ክፍሎች በሙሉ በአንድ ቀን ወጡ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ «ኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ» በተመሳሳይ መንገድ ተከተለ።

ይህ አሠራር ለጸሐፊዎቹ አዲስ ነፃነት ሰጣቸው። በየሳምንቱ ለሚታይ ድራማ የሚጽፍ ሰው ተመልካቹ የረሳውን ማስታወስ፣ እያንዳንዱን ክፍል በጥያቄ መዝጋት፣ ከማስታወቂያ በፊት ውጥረት መፍጠር ነበረበት። ሁሉም በአንድ ቀን ሲወጣ ግን ታሪኩ እንደ 13 ሰዓት ፊልም ሊጻፍ ይችላል። ክፍሎቹ እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ነገርም የለም።

ለተመልካቹም ጊዜው የራሱ ሆነ። የማታ ተረኛ ነርስ፣ ልጅ የምታጠባ እናት፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምታርፍ የቤት ሠራተኛ በጣቢያ ሰዓት መገዛት ቀረላቸው። በዚያው በ2012 ኔትፍሊክስ አንድ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ እንዲጀምር የሚያደርግ አሠራር አስገባ። ከዚህ በኋላ አንድ ክፍል ለመጨመር ምንም ማድረግ አያስፈልግም፤ ለማቆም ግን እጅን መዘርጋት ያስፈልጋል።

የቀድሞው ቴሌቪዥን ከዚህ ተጎዳ ብቻ ማለት አይቻልም። «ብሬኪንግ ባድ» በጃንዋሪ 2008 ኤ ኤም ሲ በተባለው ጣቢያ ሲጀምር ተመልካቹ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። ያመለጡት ክፍሎች ኔትፍሊክስ ላይ ስለነበሩ ወሬውን የሰማ ሁሉ ከመጀመሪያው እያየ ደረሰበት። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2013 የመጨረሻው ክፍል በዚያው ጣቢያ ሲታይ ተመልካቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞ የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማትን የተቀበለው የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ለድራማው ዕድሜ ኔትፍሊክስን አመስግኗል። የቆየውን በአንድ ጊዜ ማየትና አዲሱን በሳምንት ቀጠሮ መጠበቅ እንደሚደጋገፉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የወር ክፍያው ሒሳብ

ለአስር ዓመት ያህል ኔትፍሊክስ ያለ ብርቱ ተፎካካሪ አደገ። በኖቬምበር 2019 አፕል ቲቪ ፕላስና ዲዝኒ ፕላስ በአሥራ አንድ ቀን ልዩነት ሥራ ጀመሩ፤ በተከታዩ ዓመት ኤች ቢ ኦ ማክስ ተጨመረ። አሁን ተመልካቹ መምረጥ ብቻ ሳይሆን መቀያየርም ቻለ። አንድ ወር እዚህ ይመዘገባል፤ የሚፈልገውን አይቶ ያቋርጣል፤ በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላው ይሄዳል። ለማቋረጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ስልክ መንካት ይበቃዋል። ለእነዚህ ኩባንያዎች የሚመዘገበው ሰው ብዛት ያህል፣ ተመዝግቦ የሚሄደውም ራስ ምታት ሆነ።

እስቲ ሒሳቡን በእጃችን እንሥራው። ስምንት ክፍል ያለው ድራማ በአንድ ቀን ቢወጣ የአንድ ወር ክፍያ ሁሉንም ያሳያል። ያው ድራማ በሳምንት አንድ ክፍል ቢወጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 49 ቀን ይፈጃል፤ ሁለት ክፍያ ነው። ሦስቱ ክፍሎች በመጀመሪያው ቀን ወጥተው አምስቱ በየሳምንቱ ቢከተሉ 35 ቀን ይሆናል፤ ይህም ሁለት ክፍያ ነው። በዚህ በሦስተኛው መንገድ ተመልካቹ ገና በመጀመሪያው ምሽት ሦስት ክፍል አይቶ ታሪኩ ውስጥ ይገባል፤ ኩባንያው ደግሞ ሁለተኛውን ወር አያጣም። አፕልም አማዞንም ብዙ ድራማዎቻቸውን በሁለት ወይም በሦስት ክፍል የሚከፍቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ክፍሉ ሲበዛ ሒሳቡ ይሰፋል። «ዘ ፒት» የተባለው የሆስፒታል ድራማ የመጀመሪያ ሲዝን 15 ክፍል ነበረው። ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 በሁለት ክፍል ተከፈተና በየሳምንቱ ሐሙስ እየቀጠለ ኤፕሪል 10 ቀን አለቀ። በመጀመሪያው ቀን የተመዘገበ ሰው ጃንዋሪ 9፣ ፌብሩዋሪ 9፣ ማርች 9 እና ኤፕሪል 9 ይከፍላል። የመጨረሻው ክፍል የወጣው አራተኛው ክፍያ በተፈጸመ ማግስት ነው። ለአንድ ክፍል የወጣው ወጪ ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ተዘግቧል፤ ለእንዲህ ያለ ድራማ በዛሬው ገበያ መጠነኛ የሚባል ነው። ብዙ ክፍል በመጠነኛ ወጪ ሠርቶ ደንበኛን ሦስት ወር ማቆየት ለኩባንያው ጥሩ ንግድ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ድራማው የኤሚን የምርጥ ድራማ ሽልማት መውሰዱ ደግሞ ንግዱ ጥራትን እንዳልነካ ይመሰክራል።

ኔትፍሊክስም ቢሆን የመጀመሪያ አቋሙን አላልቶታል። በ2022 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት 200 ሺህ ደንበኞች መቀነሱን ኤፕሪል ላይ ሲያስታውቅ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን 35 በመቶ ያህል ወረደ። በተከታዩ ሩብ ዓመት 970 ሺህ ያህል ቀነሰበት። «ስትሬንጀር ቲንግስ» ለሁለት የተከፈለው በዚህ ድንጋጤ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል፤ መከፈሉ የተነገረው ቀደም ብሎ ፌብሩዋሪ ላይ ነበርና። ፈጣሪዎቹ የሰጡት ምክንያትም ሲዝኑ ከሌሎቹ እጅግ መርዘሙንና ያለቀውን ቶሎ ለተመልካች ለማድረስ መፈለጋቸውን ነው። ያም ሆኖ ሁለተኛው ዙር የወጣበት ጁላይ 1 የሦስተኛው ሩብ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ነው። አንዱ ድራማ በሁለት የሩብ ዓመት ሪፖርቶች ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ መክፈል የተለመደ ሆኗል። «ብሪጀርተን» በ2024 ሜይ 16 እና ጁን 13፣ «ዌንስዴይ» በ2025 ኦገስት 6 እና ሴፕቴምበር 3 በአራት አራት ክፍል ወጡ። በሁለቱም መካከል ያለው 28 ቀን ነው። እዚህ ላይ ጥንቁቅ ተመልካች በአንድ ወር ክፍያ ሁለቱንም ዙር ሊያይ ይችላል። ስለዚህ መለኪያው የክፍያ ቀን ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን፤ ኩባንያዎቹ ወሬንም ይሸጣሉ።

ወሬው ስንት ቀን ይቆያል?

ኤች ቢ ኦ የተባለው ጣቢያ የእሁድ ምሽትን ለቆ አያውቅም። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከ2011 እስከ 2019 በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ አቆጣጠር እሁድ ማታ በ3 ሰዓት ይታይ ነበር። ሜይ 19 ቀን 2019 የወጣውን የመጨረሻ ክፍል በዚያች ምሽት ብቻ 19.3 ሚሊዮን አሜሪካውያን አዩት። ያ ሰዓት በአዲስ አበባ ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህት እራት በልታ ስታይ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ወይ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ወይ ቀኑን ሙሉ ከስልኩ እየሸሸ ይውላል። አንድ ዓረፍተ ነገር በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ከገባ የሳምንቱ ጥበቃ ፈረሰ ማለት ነው።

ሁሉም በአንድ ቀን ሲወጣ የሚጠፋው ይህ አብሮ መሆን ነው። አንዷ ሦስተኛው ክፍል ላይ ናት፤ ሌላው ጨርሷል፤ ሦስተኛዋ ገና አልጀመረችም። ሦስቱ ተቀምጠው ሊያወሩ አይችሉም። ሁሉም ሌላውን እንዳያበላሽበት ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ድራማውን ይቀብረዋል። በየሳምንቱ በሚወጣ ድራማ ግን ሁሉም እስከ አንድ ቦታ እኩል ያውቃል። መገመት፣ መከራከር፣ መወራረድ ይቻላል።

«ዘ ላስት ኦፍ አስ» ይህን በቁጥር ያሳያል። ጃንዋሪ 15 ቀን 2023 የመጀመሪያውን ክፍል በዕለቱ 4.7 ሚሊዮን አሜሪካውያን አዩት። ማርች 12 ቀን የወጣው የመጨረሻው ክፍል፣ ከኦስካር ሽልማት ጋር በአንድ ምሽት ወድቆ እንኳ፣ 8.2 ሚሊዮን ተመልካች አገኘ። በየሳምንቱ ያየው ላላየው እየነገረ የተመልካቹን ብዛት ከግማሽ በላይ ጨመረው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ስለነበር አምስተኛው ክፍል በኢንተርኔት ከሁለት ቀን ቀድሞ ዓርብ እንዲወጣ ተደረገ። መላው አገር ሌላ ነገር በሚያይበት ምሽት መወዳደር ከንቱ ነው።

ዲዝኒ በ2019 የጀመረው «ዘ ማንዳሎሪያን» ሳምንታዊ ቀጠሮው ዓርብ ነበር። ሰባተኛው ክፍል ግን ወደ ረቡዕ ዲሴምበር 18 ተዛወረ፤ በዚያ ዓርብ የራሱ የዲዝኒ አዲስ የ«ስታር ዎርስ» ፊልም ሲኒማ ቤት ይገባ ነበርና። በ2021 ደግሞ «ሎኪ»ን ወደ ረቡዕ ወሰደ። ቀን መምረጥ ማለት ከማን ጋር እንደሚጋፉ መምረጥ ጭምር ነው።

ሳምንታዊው መንገድ ሁሌ ያሸንፋል ማለትም አይደለም። «ስኩዊድ ጌም» በሴፕቴምበር 2021 ዘጠኙም ክፍል በአንድ ቀን ወጥቶ በ28 ቀን ውስጥ 1.65 ቢሊዮን ሰዓት ታይቷል። ዓለም ስለ እሱ ሲያወራ ሰነበተ። ታሪኩ በጣም ከያዘ ወሬው ያለ ቀጠሮም ይዘልቃል፤ እንዲህ ያለው ዕድል ግን ለጥቂቶች ነው የሚደርሰው።

ኔትፍሊክስ የሚቆጥርበት መንገድም እንደ አከፋፈሉ ተለውጧል። በአንድ ወቅት ሁለት ደቂቃ ያየ ሁሉ እንደ ተመልካች ይቆጠር ነበር። በ2021 በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የታየውን ሰዓት መቁጠር ጀመረ። ከጁን 2023 ወዲህ የታየው ሰዓት ለድራማው ርዝመት ተካፍሎ፣ ቆጠራው እስከ 91 ቀን ይዘልቃል። 28 ቀን ብቻ ቢቆጠር ኖሮ በአራት ሳምንት ልዩነት ለሁለት የሚከፈል ድራማ ግማሹ ከቆጠራ ውጭ በቀረ ነበር።

ሰዓቱና መስመሩ

የኔትፍሊክስ ድራማዎች በአብዛኛው የሚወጡት በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ አሜሪካውያን በኖቬምበር ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ እስከ ማርች ድረስ 5 ሰዓት። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም፤ የሚንቀሳቀሰው የእነሱ ነው። ድራማው በዓለም ዙሪያ በአንድ ቅጽበት ስለሚከፈት በአዲስ አበባ የቢሮ ሰዓት፣ በሎስ አንጀለስ የእንቅልፍ ሰዓት ላይ ይውላል።

የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» የመጨረሻ ሲዝን ይህን ልማድ ተሻገረ። የወጣው በካሊፎርኒያ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በኒው ዮርክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ኖቬምበር 26 የታንክስጊቪንግ ዋዜማ ነበር። ቤተሰብ በሚሰበሰብበት ምሽት፣ የድሮው ቴሌቪዥን ለምርጥ ድራማው በሚያስቀምጠው ሰዓት ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያን ጊዜ ሐሙስ ሌሊት 10 ሰዓት ነበር። በዚያች ቅጽበት የገባው ሰው ብዛት አገልግሎቱን ለብዙዎች ለጥቂት ደቂቃዎች አቋረጠው። በማርች 2014 «ትሩ ዲቴክቲቭ» ሲያልቅ የኤች ቢ ኦ የኢንተርኔት አገልግሎትም እንዲሁ ወድቆ ነበር።

እንዲህ ያለው መቋረጥ ከዚህ በበለጠ የማይደጋገመው ቅድመ ዝግጅት ስላለ ነው። ኔትፍሊክስ ኦፕን ኮኔክት የሚባል የራሱ ማከፋፈያ አለው፤ ቪዲዮ የሚያከማቹ ማሽኖችን ሠርቶ በየአገሩ ላሉ የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች ያለ ክፍያ ይሰጣል። አዲስ ድራማ ሲመጣ ቪዲዮው ወደ እነዚህ ማሽኖች የሚጫነው ተጠቃሚ በሚቀንስበት ሰዓት ነው። ውሃ ሌሊት ሲመጣ ሮቶ ሞልቶ ቀን የሚጠቀም ቤተሰብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድራማው «ወጣ» ሲባል ከተመልካቹ ቅርብ ካደረ ሰንብቷል፤ የቀረው በሩን መክፈት ነው።

በአንድ ቀን ለመልቀቅ የመጨረሻው ክፍል የምስል ቅንብር፣ ሙዚቃ፣ የትርጉም ጽሑፍና በሌሎች ቋንቋዎች የሚቀዳው ድምፅ ሁሉ ቀድሞ ማለቅ አለበት። በየሳምንቱ የሚለቅ ግን የመጀመሪያው ክፍል እየታየ የመጨረሻውን ሊያጠናቅቅ ይችላል። ሥራ ለሚጣደፍበት ስቱዲዮ ይህ የሁለት ወር ዕፎይታ ነው።

ሽልማቱም ቀን ይቆርጣል። የኤሚ ዓመት ከጁን 1 እስከ ሜይ 31 ነው። «ስትሬንጀር ቲንግስ» ሜይ 27 ላይ ሰባት ክፍል ማውጣቱ ሊዘጋ አራት ቀን በቀረው ዓመት ውስጥ አስገባው፤ በዚያው ዓመትም ለምርጥ ድራማ ታጨ። በየዓመቱ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ትልልቅ ድራማዎች የሚጋፉት ለዚህ ነው።

ከእኛ አገር ተከታታይ ድራማዎች ብዙዎቹ በቴሌቪዥን በሳምንት ቀጠሮ ታይተው ወዲያው ዩቲዩብ ላይ ይጫናሉ፤ በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገራት ያለው ወገን የሚያያቸውም እዚያ ነው። ዩቲዩብ ላይ ገቢው በዋናነት የሚመጣው በእያንዳንዱ ቪዲዮ ላይ ከሚታይ ማስታወቂያ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቀን፣ የራሱ ወሬ፣ የራሱ ተመልካች ያስፈልገዋል። ወርሃዊ ክፍያ በሌለበት ሁሉንም በአንድ ቀን መጫን ለአዘጋጁ ኪሳራ ነው።

ታሪኩ ምን ይጠይቃል?

እስካሁን ያየናቸው ምክንያቶች ሁሉ ከታሪኩ ውጭ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ታሪኩ ራሱ ነው፤ የመልቀቂያውን ቀን ታሪኩ ሲወስነው ሥራው ያምራል።

«አዶሌሰንስ» በማርች 2025 በኔትፍሊክስ የወጣ የብሪታንያ ድራማ ነው። አራት ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ የተሠራ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በግድያ ተጠርጥሮ የተያዘበት ቤተሰብ ያለ ፋታ ይታያል። ትንፋሽ በማይሰጥ ታሪክ መካከል አንድ ሳምንት ማስገባት ውጥረቱን ማላላት ነው። አራቱም በአንድ ቀን መውጣታቸው ትክክል ነበር።

«ዋንዳቪዥን» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከጃንዋሪ 15 እስከ ማርች 5 ቀን 2021 የወጡት ዘጠኝ ክፍሎች የተሠሩት በእንቆቅልሽ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ፍንጭ ይጥላል። ፍንጭ ዋጋ የሚኖረው የሚመረምረው ጊዜ ሲያገኝ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ቢወጣ ኖሮ መልሱ ከጥያቄው በጥቂት ሰዓታት ብቻ በራቀ ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የተዋጣለት የ«አንዶር» ሁለተኛ ሲዝን ነው። 12 ክፍሎቹ አራት ዓመት ይተርካሉ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት ሦስት ክፍል። ዲዝኒ ከኤፕሪል 22 ቀን 2025 ጀምሮ ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ክፍል ለቀቀ። ተመልካቹ በየሳምንቱ ከአንድ ዓመት የተወሰደ ሙሉ ታሪክ ያያል፤ ሳምንት ሲጠብቅ በታሪኩ ውስጥም አንድ ዓመት ያልፋል። ጸሐፊው የከፈለበትና ኩባንያው የለቀቀበት መስመር አንድ ሆነ። ኔትፍሊክስም ቢሆን «ላቭ ኢዝ ብላይንድ» የተባለውን የጋብቻ ዝግጅት በ2020 ሲጀምር ፌብሩዋሪ 13፣ 20 እና 27 በሦስት ዙር ነው የለቀቀው። ማን ማንን እንደሚያገባ በአንድ ቀን ቢነገር ዝግጅቱ በማግስቱ ባለቀ ነበር።

መጥፎ አከፋፈልም አለ። ጸሐፊው እንደ አንድ ረጅም ፊልም የጻፈውን ሲዝን መሐል ለመሐል ቆርጦ ግማሹን ለሚቀጥለው ወር ማቆየት ታሪኩን ይጎዳል፤ ተመልካቹ የሚያቆመው ታሪኩ በሚያርፍበት ቦታ ሳይሆን የሒሳብ ሠራተኛው በቆረጠበት ቦታ ነውና። በ2020 «ዘ ቦይስ» ወደ ሳምንታዊ ሲዛወር የተቆጡ ተመልካቾች አማዞን ላይ ዝቅተኛ ነጥብ እየሰጡ አጥለቀለቁት። ፈጣሪው ኤሪክ ክሪፕኪ ውሳኔው የአዘጋጆቹ እንደሆነና ሰው ስለ ድራማው የሚያወራበት ጊዜ እንዲኖር ፈልገው እንዳደረጉት መልስ ሰጠ። ሲዝኑ ለሳምንት ቀጠሮ የሚመች ነበርና ቁጣው በረደ፤ ድራማው ከዚያ በኋላም በዚያው መንገድ ቀጠለ። ተመልካች የሚከፋው በመጠበቁ ብቻ አይደለም። ያለ ምክንያት ሲያስጠብቁት ነው።

ለተመልካቹ

ተመልካች የሚቆጥረው ኒልሰን የተባለው ድርጅት በሜይ 2025 ባደረገው ቆጠራ መሠረት፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በማየት ከጠፋው ጊዜ 44.8 በመቶውን በኢንተርኔት የሚታየው (ስትሪሚንግ) ወሰደ፤ የአንቴናውና የኬብሉ ተደምሮ 44.2 በመቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው መቼ ምን እንደሚያይ የሚወስኑት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው። ያም ሆኖ የመጨረሻው ቁልፍ በእጃችን ነው።

ድራማው በሳምንት የሚወጣ ከሆነና ወሬው የማያስጨንቅዎ ከሆነ የመጨረሻው ክፍል ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይመዝገቡ፤ በአንድ ወር ክፍያ ሁሉንም ያያሉ። ወሬው የሚያስደስትዎ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ይቁረጡት፤ የሁለት ወር ክፍያው ለዚያ አብሮነት የሚወጣ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ከወጣ ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚያስጀምረውን ማዘዣ ያጥፉት፤ በአብዛኞቹ ዋና ዋና አገልግሎቶች ማጥፋት ይቻላል። ከዚያ በሌሊት አንድ ወይም ሁለት ክፍል አይተው ይተኙ። ጥሩ ድራማ ሲያድር አይበላሽም። ባለሙያዎች ዓመታት የደከሙበትን ታሪክ በአንድ ሌሊት ውጠው በሳምንቱ ከመርሳት፣ የራስዎን ቀጠሮ ቆርጠው በደንብ ቢያዩት ታሪኩም ይከበራል፤ እርስዎም የከፈሉበትን ያገኛሉ።